ከሰኞ እራት በኋላ የሚሄደው አውሮፕላን

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የመንገደኛ ስም፣ የበረራ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። ደብዳቤ እንኳ ለማንም ልኬ አላውቅም።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት የሠራሁበት የትኬት ቢሮ ስለተዘጋ ነው። ሰው በገዛ ስልኩ ትኬት መቁረጥ ሲጀምር የእኛ በር የሚያንኳኳው እያነሰ ሄደ። ቤቱ ዛሬ የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር ይሸጥበታል። እኔ አሁን የዘር ድንች ማከማቻ ውስጥ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ድንች እለያለሁ፤ ያጎነቆለውን ካላጎነቆለው፣ የበሰበሰውን ከደህናው። እጅ ሲሠራ ሐሳብ ይሄዳል፣ የኔ የሚሄደው ወደዚያች ቢሮ ነው። አብረውኝ የሚለዩት ሴቶች "ትኬት ቤት ምን ትሠሪ ነበር?" ሲሉኝ "ትኬት እቆርጥ ነበር" እላቸዋለሁ። ከዚያ በላይ በአፌ መናገር ያሳፍረኛል። ስለዚህ በእጄ ልሞክረው።

ስሜ ትርንጎ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ታቦር አክስቴ ቤት ነው። ወደ ቢሮው የገባሁት ለጽዳት ነበር። ቢሮው ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ አንዲት ክፍል ናት፤ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ለደንበኛ አንድ የእንጨት ወንበር። ዋናው ቢሮ ያለው ባሕር ዳር ነው፤ የኛ ቅርንጫፍ ነበር። ከደብረ ታቦር አውሮፕላን ስለማይነሣ የኛ መንገደኛ በመኪና ባሕር ዳር ይወርድና ከዚያ ይበራል። በዚህች ክፍል ብቻቸውን የሚሠሩት እትዬ እንጉዳይ ነበሩ። ባሕር ዳር ዕድሜያቸውን በዚሁ ሥራ ጨርሰው፣ ቅርንጫፉ ሲከፈት "አገሬ ልግባ" ብለው የመጡ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገሩ ያወልቁታል፤ ወደ ኮምፒውተሩ ሲዞሩ ያጠልቁታል።

የመጀመሪያውን ወር ወለል ስወለውል ጆሮዬ እሳቸው ጋ ነበር። አንድ ቀን በስልክ "ይቺ ትኬት እንግዲህ ሳይመሽ ትሙት" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወረቀት እንዴት ይሞታል? ሦስት ቀን ያህል አፌ ድረስ እየመጣ ሲመለስ ቆይቶ ወጣ።

"እትዬ፣ ትኬት ይሞታል እንዴ?"

መወልወያውን ይዤ እንደቆምኩ አዩኝ። "አንቺ ትናገሪያለሽ ለካ" አሉ። "እኔ እኮ ዲዳ ልከውልኛል ብዬ ነበር።" ከዚያ ጠሩኝና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞሩት።

ትኬት ማለት ወረቀቱ እንዳልሆነ ያን ቀን ተማርኩ። ወረቀቱ ጥላው ነው። ትኬቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ የራሱ ቁጥር አለው፣ ከተወለደ ጀምሮ እስኪበርበት ድረስ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ዛሬ የተቆረጠ ትኬት ዛሬውኑ ከተሰረዘ እንዳልተወለደ ይቆጠራል፤ መንገደኛው ምንም አይጎድልበትም። ነገ ከሆነ ግን መሰረዝ የሚባል ነገር የለም። ወይ ወደ ሌላ ቀን መለወጥ ነው፣ ወይ ተመላሽ መጠየቅ ነው፤ ሁለቱም ቅጣት አላቸው።

"ዛሬ የሚያልቀው መቼ ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሌሊት ስድስት ሰዓት።"

"ሌሊቱ ሳያልቅ? ቀን የሚለወጠው ሲነጋ አይደለም እንዴ?"

"ላንቺና ለኔ ሲነጋ ነው። ለማሽኑ መንፈቀ ሌሊት ላይ ነው። ዶሮ አይጠብቅም" አሉ።

ይህን ነገር በልቤ ያዝኩት። እኛ በተኛንበት፣ ጨለማው መሐል ላይ፣ ማንም ሳያየው ቀን የሚለወጥ መሆኑ ይገርመኝ ነበር። ማታ ስተኛ አሁን ተለወጠ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ይህችው መንፈቀ ሌሊት በኋላ ምን እንደምታደርገን ግን አላወቅሁም፤ እትዬ እንጉዳይም አላወቁም።

እሳቸው ይህን የመሰረዣ ጊዜ በአገራችን ሰው ጠባይ ልክ ሰፍተውት ነበር። የኛ ሰው ብቻውን አይወስንም። ገዝቶ ይሄድና ከቤተሰቡ ይመክራል፣ ከዚያ ይመለሳል። ስለዚህ ትኬት ቆርጠው ሲሰጡ "በሉ ቤት ሂዱና ምከሩበት፤ ሐሳብ ከተለወጠ ሳልዘጋ ድረሱ" ይላሉ። ቢሮው ሊዘጋ ሲል በሩ ላይ የሚቆሙት ሰዎች እነዚያ ናቸው። አንዴ ከእብናት የመጣ በግ ነጋዴ ጠዋት የገዛውን ትኬት ማታ ሚስቱን አስከትሎ ይዞት መጣ። ልጃቸው አዲስ አበባ ወልዳለች።

"እሱ ይቅር፤ እኔ ልሂድ" አለች ሚስትየው። "እሱ አራስ ቤት ሄዶ ምን ሊያደርግ ነው? በግ ሊመዝን?"

"ስሙን ብቻ ቀይሩላት" አለ ባልየው አንገቱን ደፍቶ።

"ስም አይቀየርም" አሉ እትዬ እንጉዳይ። "የሱ ትሙት፣ ያንቺ ትወለድ።" ወዲያው ተሠራ። ሴትየዋ የባሏን ትከሻ ቸብ አድርጋ "አይዞህ፣ በግህ አለችልህ" ብላው ወጣች።

ከዚያ በር ይዘጋና የዕለቱ ሪፖርት ይመጣል። የትኬት ቁጥሮች ተከታትለው የሚሄዱ ናቸው፤ አንዱ ተዘሎ ሌላው አይመጣም። እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሆነ ለዋናው ቢሮ መነገር አለበት፤ ተሸጠ፣ ተለወጠ ወይም ተሰረዘ። ዋናው ቢሮ ደግሞ ሰብስቦ ለአየር መንገዶቹ ያስታውቃል።

"የተሰረዘውም ይነገራል? እንዳልተወለደ ነው አላሉኝም?"

"እንዳልተወለደ ነው እንጂ አልተወለደም አላልኩሽም። ያልተነገረ ስርዝ ነው ሰው የሚያጣላው" አሉኝ።

በዚህ ዓይነት መወልወያው ከእጄ ወጣ። መጀመሪያ ስም እንድጽፍ አደረጉኝ፣ ከዚያ የክረምቱን ወራት ባሕር ዳር ዋናው ቢሮ ልከውኝ ሪፖርት እንዴት እንደሚሰበሰብ አየሁ። ደሞዜ ጥቂት ጨመረ። አንድ ነገር ብቻ አልሆንልኝ አለ፤ ከሰው ጋር መነጋገር። ደንበኛ ሲመጣ ነጠላዬን አፌ ላይ አደርጋለሁ። ስልክ ሲጮህ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ባሕር ዳር አብሮኝ የሠራው ሄኖክ የሚባል ልጅ "ዝምተኛዋ" የሚል ስም አወጣልኝ። እትዬ እንጉዳይ አልተቆጡኝም። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ባዶውን የእንጨት ወንበር ፊቴ አስቀምጠው "በይ ንገሪው" ይሉኛል።

"ለማን?"

"ለወንበሩ። መቼ እንደሚሄድ፣ ከየት እንደሚነሣ፣ ስንት ሻንጣ እንደሚይዝ።"

ለባዶ ወንበር እነግረዋለሁ። እሳቸው ጀርባቸውን አዙረው ያዳምጣሉ። "አልሰማም አለ፤ ጮክ በይ" ይላሉ። እንዲህ እያልኩ ድምፄን አወጣሁ።

ሁለት ሕጎች ነበሯቸው። አንደኛው፣ መንገደኛው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ሳይናገር አይወጣም። ሁለተኛው የበቅሎ ሕግ ነው። "በቅሎ ወንዝ ስትሻገር አይተሻል? የፊቱን እግሯን ሳታደላድል የኋላውን አታነሣም። አንቺም አዲሱን ወንበር ሳትይዢ አሮጌውን እንዳትለቂ።" ትኬትና ወንበር ሁለት ነገር መሆናቸውን የማያውቅ ሰው ይህ አይገባውም። ትኬት ብትሰርዝ ሌላ ትቆርጣለህ፤ ወንበር ከለቀቅህ ግን ዞር ሳትል ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።

አያ ደምሌ የመጣው እኔ በወንበሩ ላይ በምለማመድበት ዘመን ነው። የጉና ገበሬ ነው፣ ገብስና ድንች ያመርታል፣ በጎች አሉት። ታናሽ እህቱ ሰርካለም ዓረብ አገር ስትሠራ ቆይታ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ደከሙ። ባሏ ህንድ አገር ሆስፒታል አስገባት። ከቤተሰቡ ሁሉ ተመርምሮ የተገጣጠመው የአያ ደምሌ ኩላሊት ነው። ቀዶ ጥገናውን የሚያደርግ ሐኪም አለ፣ ቀኑም ተቆርጧል። እሱ ከዚያ ቀን በፊት መድረስ አለበት። ሰርካለም እስከዚያው ደሟን በማሽን እያሳጠበች ትቆያለች።

"ሌላው ሰው በግ ይዞ ዘመድ ይጠይቃል፤ እኔ ኩላሊት ይዤ ልሄድ ነው" አለን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ። እትዬ እንጉዳይ ሳቁ። እኔም በነጠላዬ ውስጥ ሳቅሁ።

ቪዛውን ለመጨረስ በአውቶቡስ አስቀድሞ አዲስ አበባ ይሄድ ስለነበር፣ ትኬቱ የተቆረጠው ከአዲስ አበባ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ የሚነሣው ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሩብ። እትዬ እንጉዳይ እንደ ሕጋቸው መነጽራቸውን አወለቁና "አሁን አንተ ንገረኝ" አሉት።

"ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሩብ" አለ።

"ጎሽ።"

ተመርቆ ሄደ።

ማክሰኞ ልንዘጋ ስንል ስልክ ጮኸ። እትዬ እንጉዳይ አነሡት። የአያ ደምሌን ድምፅ እኔም ካለሁበት እሰማዋለሁ፤ የጉና ሰው በስልክ ሲናገር በአፋፍ ላይ ሰው እንደሚጠራ ነው።

"እትዬ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ነኝ። ጥበቃዎቹ አውሮፕላንህ ሄዷል አሉኝ። ትናንት ሌሊት ሄዷል አሉኝ። ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እንዴ?"

እትዬ እንጉዳይ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለሌሊት ሰባት ሰዓት ነው የመጣሁት፤ ገና እኮ አሥራ አንድ ሰዓት ነው" አለ።

ነገሩ ለኔም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በኛ ቆጠራ ማክሰኞ ሌሊት ማለት የማክሰኞ ቀን ውሎ፣ መሽቶ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። በትኬቱ ቆጠራ ግን ማክሰኞ የገባው ሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ የተነሣው ያኔውኑ፣ ማክሰኞ ገና ልጅ ሳለች ነው። አያ ደምሌ ከመንገደኛው ሁሉ ቀድሞ ደርሶ አንድ ቀን ዘግይቷል። መልሶ የተናገረውም ልክ ነበር። እሱና እትዬ እንጉዳይ አንድ ቃል ተናግረው የየራሳቸውን ቀን ይዘው ተለያይተዋል። ያቺ መንፈቀ ሌሊት ለትኬቱ ስትሆን በየቀኑ እናስባታለን፤ ለሰውየው ግን አላሰብናትም።

እትዬ እንጉዳይ መነጽራቸውን አጠለቁ። አውሮፕላኑ ሳይነሣ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት መስመር ቢጻፍ ኖሮ ትኬቱ ይለወጥ ነበር። ከተነሣ በኋላ መንገደኛው እንደቀረ ተመዝግቧል። ያም ሆኖ ከባሕር ዳር ጋር እየተደዋወሉ ሲለምኑ አመሹ። ወንበር የተገኘው የሐኪሙ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ሆስፒታሉ ተራውን ለሌላ በሽተኛ ሰጠ፤ ሰርካለም እስክትጠራ ትጠብቅ ተባለ። እስከ መቼ ብለን ብንጠይቅ የሚያውቅ የለም። አያ ደምሌ ወደ ጉና ተመለሰ።

ያን ሳምንት እትዬ እንጉዳይ ከደንበኛ በስተቀር ከማንም አልተነጋገሩም። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ "ጫማሽን ቀይሪና ነይ፤ ጉና እንውጣ" አሉኝ።

መኪና እስከሚደርስበት ሄድን፣ ከዚያ በእግር። ጭጋግ ወርዶ ነበር። እሳቸው እየቆሙ ይተነፍሳሉ፤ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ሥር ይቀመጡና ይነሣሉ። ምን ልንል እንደምንሄድ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አያ ደምሌ ከአጥሩ ውስጥ የበጎች በረት ሲጠርግ አገኘነው። እናቱ እማማ ጠጅቱ ደጃፉ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። እትዬ እንጉዳይ ሰላምታ ሳይሰጡ ከአጥሩ ላይ አንድ ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉና ጎንበስ ብለው ቆሙ።

"ደምሌ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

አያ ደምሌ መጥረጊያውን ጥሎ ሮጠና ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ ወሰደው። "እትዬ፣ ምን መሆንዎ ነው? ቀኑን የሳትኩት እኔ።"

"አንተ አልሳትክም። ከእናትህ የተማርከውን ቀን ነው የያዝከው።"

"ድንጋዩን ወደ አጥሩ መልሰው፤ በግ ይወጣብናል" አሉ እማማ ጠጅቱ። ከዚያ ለኛ "ግቡ፤ ጉና ላይ ቆሞ ይቅርታ የለም፣ ብርዱ አያስጨርስም" አሉ።

የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀረበ። የሰርካለም ነገር ሲነሣ እማማ ጠጅቱ ድንቹን እየላጡ "በስልክ ድምፅዋ ቀጥኗል" ብቻ አሉ። ቀጥሎ የተናገረው አያ ደምሌ ነው።

"ቆይ እትዬ፣ እኔ ያልገባኝ። ቀኑን እዚያ ሌሊት ላይ የሚለውጠው ማነው? ዶሮ አልጮኸ፣ ሰማዩ አልነጣ።"

"እኔም ጠይቄያቸው ነበር" አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

"እና ምን አሉሽ?"

"ማሽኑ ነው አሉኝ።"

"ማሽኑ አይተኛም እንዴ?" አሉ እማማ ጠጅቱ። ሁላችንም ሳቅን፤ እትዬ እንጉዳይም ከዚያ ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ግን ድንቹን አስቀመጡና ወደ አያ ደምሌ ዞሩ።

"እስቲ፣ በዚያ አውሮፕላን የሚሄደው ልጅህ ቢሆንና አንተ ብትሆን የምትልከው፣ ምን ብለህ ትነግረዋለህ?"

አያ ደምሌ አሰበ። በጣም አሰበ። "ቀን አልነግረውም" አለ። "የሰኞን እራት ብላና ሳትተኛ ውጣ እለዋለሁ።"

እትዬ እንጉዳይ ቁልቁል ስንመለስ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው ለራሳቸው አሉት። በማግሥቱ በቢሯችን ሕግ ሆነ። ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ለሚበር መንገደኛ ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን ከነገርነው በኋላ "የየትኛውን ቀን እራት በልተህ ነው የምትወጣው?" እንላለን። ከሌላ ክልል የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር "እራት ልትጋብዙኝ ነው?" ብሎን ያውቃል። "መጀመሪያ ይመልሱ" አልኩት፤ ያን ጊዜ ነጠላው ከአፌ ላይ ወርዷል። አስቦ "የሐሙስን" አለ። ልክ ነበር። ሌሎች ግን የተሳሳተ እራት ይነግሩናል፤ ያን ጊዜ ቁጭ አድርገን እንደገና እንጀምራለን። ስንቶቹን እንዳዳነ አልቆጠርኩም።

እትዬ እንጉዳይ ግን እየደከሙ ሄዱ። ዓይናቸው ከኮምፒውተሩ ላይ ፊደል መለየት አቃተው፣ እግራቸውም አበጠ። ልጃቸው ሐሙሲት ስለምትኖር እሷ ጋ ገብተው ዋንዛዬ ፍል ውኃ እንዲታጠቡ ተወሰነ። ሥራውን ለኔ ትተው ሲወጡ መነጽራቸውን ከነክሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "አይጠቅመኝም፤ አንቺም እንዳታጠልቂው። እንዲሁ ይቀመጥ" አሉ። በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ። "ሰርካለም ተራ ከደረሳት ደውዪልኝ።"

ተራዋ ደረሳት። አያ ደምሌ አንድ ዓርብ ጠዋት መጥቶ ያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይህን ጊዜ አደራውን በሙሉ ለኛ ሰጥቶናል፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ይበራል፣ ከዚያ በዚያችው ሌሊት ወደ ህንድ። በሌሊቱ አውሮፕላን ላይ በዚያ ሳምንት የቀረው አንድ ወንበር ነበር፤ ያዝኩለት። ትኬቱን ቆረጥኩ። "ከቤት ምከርበት፤ ሳልዘጋ ድረስ" አልኩት፣ እንደ ልማዳችን።

ቀትር ላይ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ወደ ባሕር ዳር መኪና እንደማይንቀሳቀስ፣ እስከ መቼ እንደሆነም እንደማይታወቅ መናኸሪያው ሁሉ ያወራ ጀመር። ልዘጋ ስል አያ ደምሌ ደረሰ። ትንፋሹ ይሰማል።

"ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"በእግሬም ቢሆን ባሕር ዳር እወርዳለሁ" አለ።

"አያ ደምሌ፣ በምሥራቅ በኩልስ? በንፋስ መውጫ ወደ ላሊበላ ይኬዳል?"

"እሱማ የኔ መንገድ ነው" አለ። "ክፍት ነው።"

ከላሊበላም አውሮፕላን ይነሣል። ትኬቱ የተቆረጠው ዛሬ ስለሆነ መሰረዝና ከላሊበላ የሚነሣ ሌላ መቁረጥ ይቻላል፤ ዛሬ ብቻ። ነገ መንገዱ ሲዘጋ ሰው ሁሉ ይህንኑ ስለሚያስብ የላሊበላው ወንበርም ያልቃል። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ሣጥን ተቀምጧል። የቀረኝ ስልክ ነው፤ ከምንም ነገር አብልጬ የምፈራው። አያ ደምሌ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። ለዚያ ባዶ ወንበር ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ አሁን ሰው ተቀምጦበታል። ባሕር ዳር ዋናው ቢሮ ደወልኩ።

"ሄሎ፣ ማን ልበል?"

"ትርንጎ ነኝ። ከደብረ ታቦር።"

"ዝምተኛዋ?" አለ ሄኖክ። "ዛሬ ምን ተገኘ?"

የትኬቱን ቁጥር ነገርኩት፣ ምን እንደምፈልግም ነገርኩት።

"ቀላል ነው። ሁሉንም ልሰርዘውና ከባዶ ልሥራልሽ፤ መውጫዬ ደርሷል፣ ቶሎ ያልቃል።"

"አይሆንም" አልኩ።

"ምን?"

"የሌሊቱ ወንበር እንዳይነካ። አንድ ነው የቀረው፤ ከለቀቅነው አናገኘውም። መጀመሪያ የላሊበላውን ወንበር ያዝ። ከዚያ አዲሱን ትኬት ቁረጥ። አሮጌው ትኬት በመጨረሻ ይሰረዝ።"

ሄኖክ ሳቀ። "የእትዬ እንጉዳይ በቅሎ! እኔንም እንዲህ ነበር ያስተማሩኝ። እሺ፣ በበቅሎዋ እንሂድ።"

የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማኛል። አያ ደምሌ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጫፉን ያሻል። ሄኖክ "የላሊበላው ተይዟል" አለ። ቆየ። "አዲሱ ተቆርጧል፤ ቁጥሩን ጻፊ።" ጻፍኩ። "አሮጌው ተሰርዟል። ሪፖርቱ ላይም ስርዝ ተብሎ ይወጣል፤ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ።"

"አሁን መልሰህ ንገረኝ።"

"ትርንጎ!"

"ንገረኝ።"

ከላሊበላ የሚነሣበትን፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣበትን አነበበልኝ።

"የየትኛው ቀን እራት?"

"የሰኞ። የሰኞ እራት። አሁንስ ቤቴ ልግባ?"

"ግባ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁ። አያ ደምሌ ተነሥቶ ቆመ። "እኔንስ አትጠይቂኝም?" አለ።

"አንተን ምን እጠይቅሃለሁ? ያስተማርከን አንተ ነህ።"

"ቢሆንም ጠይቂኝ።"

ጠየቅሁት። "የሰኞን እራት በልቼ፣ ሳልተኛ" አለና ወጣ።

ሰኞ ማታ ቢሮውን አልዘጋሁትም። ጨለማው ሲወርድ ስልኩ ጮኸ። ያው የአፋፍ ድምፅ ነው፤ ከኋላው ብዙ ሰው ይሰማል።

"ትርንጎ፣ እራቴን በልቻለሁ። በሩን አስገቡኝ፤ ሻንጣዬንም ተቀበሉኝ።"

ሰርካለም ዛሬ በሕይወት አለች። የወንድሟ ኩላሊት ተስማማት፤ ድምፅዋ ወፍሯል ይላሉ እማማ ጠጅቱ። አያ ደምሌ ከባድ ሸክም አትሸከም ተብሎ ተመልሷል፤ የዘር ድንች ሲያመጣ እኔ ባለሁበት ማከማቻ በኩል ያልፋል፣ ጆንያውን ሌላ ሰው ያወርድለታል። ይህን ሁሉ ግን እትዬ እንጉዳይ አልሰሙም። ቀዶ ጥገናው ሳይደረግ እሳቸው ሐሙሲት ላይ አረፉ። የሰሙት የዚያን ሰኞ ማታ እኔ የነገርኳቸውን ብቻ ነው።

ወዲያው ነበር የደወልኩላቸው። ልጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። ድምፃቸው ደክሟል።

"ደምሌ ደወለ?"

"ደውሏል እትዬ። አውሮፕላን ማረፊያ ገብቷል።"

"እራቱን በላ?"

"በልቷል።"

"የየትኛውን ቀን?"

"የሰኞን።"

ከዚያ ሲናገሩ የቀድሞው ድምፃቸው ነበር፤ ለወንበሩ ጮክ በይ የሚሉኝ ድምፅ። ከሳቸው አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው፦

"በይ እንግዲህ በሩን ዝጊውና አንቺም ገብተሽ እራትሽን ብዪ።"